እግር ላይ የተወጣጠረ ደም ሥር፦ ማን መታከም አለበት? ሕክምናውስ ምንድን ነው?

በቴሌግራምና በፌስቡክ «የእግርዎን ደም ሥር የሚያጠፋ ቅባት» የሚሉ ማስታወቂያዎች በዝተዋል። በሌላ በኩል «ደም ሥር ከተነካ እግር ይሰንፋል» የሚል ፍርሃት በየቤቱ አለ። በሁለቱ መካከል የቆመ ሕመምተኛ ወይ ገንዘቡን ለማይረባ ነገር ያወጣል፣ ወይ ቁርጭምጭሚቱ እስኪቆስል ዝም ይላል። በጎጃም ከተሞችም ሆነ በገጠሩ ቆሞ የሚውል ሰው ብዙ ነው። እንጀራ የምትጋግር፣ ጥቁር ሰሌዳ ፊት የሚቆም መምህር፣ ሱቅ የሚጠብቅ፣ ጸጉር የምትሠራ፣ ማኅሌት የሚቆም ደብተራ፣ ሁሉም ማታ እግሩ ከብዶት ይገባል። ስለዚህ ነገሩን ከመሠረቱ ማስረዳት ይገባል።

ያበጠው ነገር ምንድን ነው?

ደም ከልብ ወደ እግር የሚወርደው በደም ቅዳ ቧንቧዎች ሲሆን ወደ ልብ የሚመለሰው በደም መልስ ቧንቧዎች ነው። ለመውረዱ ልብ ራሱ ይገፋዋል። መመለሱ ግን ከባድ ነው፤ ሰው ቆሞ ሳለ ደሙ ከቁርጭምጭሚት እስከ ደረት ወደ ላይ መውጣት አለበት። ለዚህ የሚያግዙት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ የባት ጡንቻ ነው፤ ስንራመድ እየተኮማተረ በመካከሉ የሚያልፉትን ደም ሥሮች ይጨምቃል፣ ደሙም ወደ ላይ ይሄዳል። ሌላው በደም መልሶች ውስጥ ያሉ ትንንሽ ቫልቮች ናቸው። ደሙ ወደ ላይ ሲያልፍ ይከፈታሉ፤ ወደ ታች ሊመለስ ሲል ይዘጋሉ።

እነዚህ ቫልቮች ሲላሉ ደሙ ወደ ታች ያፈስሳል። በእግር የታችኛው ክፍል ይጠራቀማል፤ የደም ሥሩ ግድግዳ ከዓመት ዓመት ይለጠጣል፣ ይጠማዘዛል፣ ከቆዳው በላይ እንደ ገመድ ጎልቶ ይወጣል። ሐኪሞች ቫሪኮስ ቬይን የሚሉት ይህንን ነው፤ ሰውዬው ቆሞ ሲለካ 3 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሚሰፋ ደም መልስ ነው። እንግዲህ ዓይን የሚያየው እብጠት ውጤቱ ነው። ችግሩ ያለው ብዙ ጊዜ ከእብጠቱ ከፍ ብሎ፣ ጭን ውስጥ ወይም ብሽሽት አጠገብ ባለ ቫልቭ ላይ ነው። ቅባት ለምን እንደማይጠቅም ከዚህ ይገባል፤ ቆዳ ላይ የተቀባ ነገር የላላ ቫልቭ አይጠግንም።

ሸረሪት ድር የመሰሉት ቀጫጭኖቹስ?

ጭን ላይ ወይም ጉልበት አጠገብ የሚታዩት ቀይና ሰማያዊ ቀጫጭን መስመሮች ስፋታቸው ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ነው። ቆዳው ውስጥ ያሉ በጣም ትንንሽ ደም ሥሮች ሰፍተው ነው የሚታዩት። በአብዛኛው ሰው ላይ ጉዳት የላቸውም፤ ወደ ቁስል አይለወጡም፣ ደም አያረጉም። ያስጠላኛል የሚል ሰው ሊያሳክማቸው ይችላል፣ መብቱም ነው። በፍርሃት ተገፍቶ ግን ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። ለየት የሚለው ቀጫጭኖቹ ቁርጭምጭሚት ዙሪያ እንደ ማራገቢያ ተዘርግተው ሲበዙና እግሩም ሲያብጥ ነው። ያን ጊዜ ከሥር የሚያፈስስ ትልቅ ደም ሥር መኖሩን የሚጠቁም ምልክት ስለሚሆን መታየት አለበት።

ቆሜ ስለምውል ነው የመጣብኝ?

በከፊል። ትልቁ ምክንያት ዘር ነው፤ እናቱና አባቱ ይህ በሽታ ያለባቸው ሰው ዕድሉ ይጨምራል። ዕድሜ፣ ውፍረት፣ ደጋግሞ ማርገዝ፣ ቀድሞ በጥልቅ ደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶ መዳንም ይጨምሩበታል። መቆም በራሱ ከምንም ተነሥቶ በሽታውን አያመጣ ይሆናል፣ ዝንባሌው ባለበት ሰው ላይ ግን ያባብሰዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሳይንቀሳቀስ በቆመ ሰው የባት ጡንቻ ሥራ ፈትቷል።

ይህ ማለት ሥራ ተዉ፣ ቆማችሁ አታስቀድሱ ማለት አይደለም። ከሌሊቱ ማኅሌት እስከ ቅዳሴው ፍጻሜ የሚቆም ሰው ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ቢያዘዋውር፣ በየመሀሉ ተረከዙን እያነሳ ቢያወርድ፣ የባቱ ጡንቻ ሥራውን ይቀጥላል። እንጀራ የምትጋግር ሴትም በሁለት እንጀራ መካከል ይህንኑ ልታደርግ ትችላለች። ማታ ቤት ሲገቡ ደግሞ እግርን ከልብ ከፍ አድርጎ ለሩብ ሰዓት ያህል መጋደም እብጠቱንም ክብደቱንም በእጅጉ ይቀንሳል። ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ሁሉም የሚችለው ነገር ነው።

እግር ሁሉ ያበጠ ይህ በሽታ ነው?

አይደለም፤ በተለይ በጎጃም ይህን ጥያቄ ማለፍ አይቻልም። በቀይ የሸክላ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር በሚሄዱ ሰዎች ላይ የሚመጣው ፖዶኮኒዮሲስ፣ ብዙዎች ዝሆኔ የሚሉት፣ በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም ደጋማ አካባቢዎች በስፋት ይገኛል። እርሱ የደም ሥር በሽታ አይደለም፤ ከአፈሩ የሚገቡ እጅግ ጥቃቅን ማዕድናት የሊምፍ ቧንቧዎችን፣ ማለትም ከሰውነት ክፍሎች ትርፍ ፈሳሽን የሚመልሱትን ቀጫጭን ቧንቧዎች፣ እያስቆጡ የሚያመጡት ነው። ብዙ ጊዜ ከጣቶችና ከእግር መዳፍ በመብላትና በማቃጠል ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል፤ ቆዳው ይወፍራል፣ ይሻክራል። መድኃኒቱ እግርን በየቀኑ በሳሙና ታጥቦ ማድረቅ፣ ቆዳን ማለስለስና ጫማ ማድረግ ነው። እንዲህ ያለውን እግር የደም ሥር ነው ብሎ ማስቀደድ ሰውን ያለ ጥቅም መጉዳት ነው።

ሁለቱም እግር እኩል ካበጠ ደግሞ ልብ፣ ኩላሊት ወይም ጉበት ሊሆን ይችላል። አንድ እግር ብቻ በድንገት ካበጠ፣ ከሞቀና ከታመመ በጥልቅ ደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ይሆናልና በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ ያስፈልጋል። በዚህ ላይ የትንፋሽ ማጠርና የደረት ውጋት ከተጨመረ የረጋው ደም ወደ ሳንባ ሄዶ ሊሆን ስለሚችል ሌሊትም ቢሆን አይታደርም።

ካልታከምኩ ምን ይሆናል?

ብዙ ሰው ደም ሥሩ ጎልቶ እያለ ዕድሜውን በሰላም ይኖራል። ስለዚህ «ጎልቷልና ይቆረጥ» ማለት ትክክል አይደለም። መታከምን የሚያስወስኑት ነገሮች ሌሎች ናቸው፤ ሥራ የሚያስፈታ ክብደትና ሕመም፣ ማታ ማታ የሚብስ እብጠት፣ ማሳከክ፣ ደም ሥሩ ራሱ ጠጥሮ መቅላትና መታመም፣ መድማት፣ ከሁሉም በላይ የቆዳ ለውጥ።

የቆዳውን ለውጥ ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል፣ ሰው ችላ የሚለው እርሱን ነውና። ካልሲዎን ያውልቁና የቁርጭምጭሚትዎን የውስጥ ጎን፣ ከአጥንቱ ጉብታ ትንሽ ከፍ ብሎ ይመልከቱ። ቆዳው ከአካባቢው ይልቅ ጠቁሯል ወይ? እንደ ቡና አተላ ያለ ቀለም ይዟል? ሲነኩት እንደ እንጨት ደርቆ፣ ከሥሩ ካለው ሥጋ ጋር ተጣብቆ፣ ሲያብረቀርቅ ይታያል? ያሳክካል፣ ይላላጣል? ይህ ጥቁረት ከፀሐይ ወይም ከቆሻሻ የመጣ አይደለም። የተጠራቀመው ደም ከግፊቱ የተነሣ ቀስ እያለ ወደ ቆዳው ሰርጎ የተወው ዝቃጭ ነው። እዚህ ደረጃ የደረሰ እግር በትንሽ ግጭት፣ ባልጩት ወይም የአልጋ ጠርዝ በነካው ጊዜ፣ ይቆስልና ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት አይድንም። ብዙዎች በቅባትና በፀረ ተሕዋስያን ክኒን ሲታገሉት ይኖራሉ። ቁስሉን የሚያኖረው ከሥር ያለው ግፊት ስለሆነ ግፊቱ ካልተነሣ ቁስሉ ይመላለሳል።

በእንግሊዝ አገር በ450 ሕመምተኞች ላይ ተደርጎ በ2018 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የታተመ ጥናት ይህንን በግልጽ አሳይቷል። ቁስሉን በፋሻ እያሰሩ ከመጠበቅ ይልቅ የሚያፈስሰውን ደም ሥር ቶሎ የታከሙት ሰዎች በፍጥነት ድነዋል፤ ግማሾቹ ለመዳን የወሰደባቸው ጊዜ 56 ቀን ሲሆን፣ ቆይተው በታከሙት ዘንድ 82 ቀን ነበር። ሁለቱም ወገኖች እግራቸው በፋሻ ታስሯል። ልዩነቱን ያመጣው ምንጩ ቶሎ መዘጋቱ ነው።

ሐኪሙ ምን ያደርጋል?

ከሁሉ በፊት ዶፕለር አልትራሳውንድ፣ ማለትም የደሙን ፍሰት በድምፅ ሞገድ የሚያሳይ ምርመራ። ዋናው መልእክቴ ይህ ነው፤ ይህ ምርመራ ሳይደረግ ስለ ቀዶ ሕክምናም፣ ስለ መርፌም፣ ስለ ሌዘርም አትስማሙ። ምርመራው አያምም። ሕመምተኛው ቢቻል ቆሞ ይመረመራል፣ ተኝቶ ሲሆን የሚያፈስሰው ቫልቭ ሊደበቅ ይችላልና። ባለሙያው ቀዝቃዛ ጄል ጭን ላይ ይቀባና መሣሪያውን ደም ሥሩ ላይ ያደርጋል፤ በሌላ እጁ ባትን ጨመቅ አድርጎ ይለቃል። ሲጨምቅ ደሙ ወደ ላይ ይሮጣል፤ በማያው ላይ ቀለም ሆኖ ይታያል፣ ሹሹሹ የሚል ድምፅም ይሰማል። ሲለቅ ጤነኛ ቫልቭ ወዲያው ይዘጋል፣ ድምፁም ይቆማል። የላላው ግን ደሙን ወደ ታች ይመልሳል፤ በቆዳ ሥር ባሉት ደም ሥሮች ላይ ይህ መመለስ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ከቆየ «ያፈስሳል» ይባላል።

ምርመራው ሌላም ነገር ይነግራል፤ ጥልቆቹ ደም ሥሮች ክፍት ናቸው ወይስ በረጋ ደም ተዘግተዋል? ጥልቁ ተዘግቶ ሳለ ላይኛውን መዝጋት ለእግሩ የቀረለትን መንገድ መዝጋት ሊሆን ይችላል።

ደም ሥሩ ከተዘጋ ወይም ከወጣ ደሙ በየት ይሄዳል?

ብዙ ሰው የሚፈራው ይህንን ነው፤ ፍርሃቱም ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱን ለጎጃም ሰው ማስረዳት አያስቸግርም። ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ተምጫ፣ ብር፣ ፈጣም ሁሉም ዓባይ ይገባሉ። ከገባሮቹ አንዱ ቢደርቅ ዓባይ አይደርቅም። በእግርም ላይ ዓባዩ በጡንቻዎች መካከል የሚያልፈው ጥልቅ ደም ሥር ነው፤ ከእግር ወደ ልብ ከሚመለሰው ደም 90 በመቶ ያህሉ በእርሱ ይሄዳል። ከቆዳ ሥር ያሉት የቀረውን ጥቂት ነው የሚሸከሙት። የታመመው ደግሞ ያንኑም ወደ ታች እየመለሰ ያስቸግራል። ሲዘጋ ደሙ ጤነኛውን መንገድ ይይዛል።

የልብ ቀዶ ሐኪሞች የተዘጋ የልብ ደም ቅዳን ለመተካት ከእግር የሚወስዱት ደም ሥር ይኸው ከቁርጭምጭሚት እስከ ብሽሽት የሚሄደው ረጅሙ ደም ሥር ነው። ለአሥርተ ዓመታት ከብዙ ሰው እግር ተወስዷል፤ ሰዎቹም በእግራቸው ይሄዳሉ።

ምን ዓይነት ሕክምናዎች አሉ?

ቀድሞ የነበረው ቀዶ ሕክምና ነው። ብሽሽት ላይ ትንሽ ተቀድዶ ደም ሥሩ ይቋጠርና ተመዝዞ ይወጣል፤ የጎበጡት ቅርንጫፎች በጥቃቅን ቀዳዳዎች እየተጎተቱ ይወጣሉ። ዛሬም በደንብ ይሠራል፤ የጠቅላላ ቀዶ ሐኪም ባለበት ሆስፒታል ሊደረግ የሚችል በመሆኑም ለብዙ ኢትዮጵያዊ የሚቀርበው እርሱ ነው። ጉዳቱ መበለዝና ለአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ከሥራ መቅረት ነው።

ሁለተኛው ሙቀት ነው፤ በሌዘር ወይም በሬዲዮ ሞገድ። ቀጭን ሽቦ መሰል መሣሪያ በመርፌ ቀዳዳ ወደ ደም ሥሩ ይገባል፤ በዙሪያው ማደንዘዣ የተቀላቀለበት ፈሳሽ በብዛት ይወጋል፤ ከዚያ መሣሪያው ቀስ እያለ ሲወጣ ደም ሥሩን ከውስጥ እያቃጠለ ይዘጋዋል። ሰውነት የተዘጋውን ደም ሥር በወራት ውስጥ ራሱ ያከስመዋል። ሕመምተኛው ነቅቶ ይታከማል፣ በዚያው ቀን በእግሩ ይሄዳል፤ አብዛኛው ሰው በጥቂት ቀናት ውስጥ ሥራ ይገባል። መሣሪያው ባለባቸው አገሮች የመጀመሪያ ምርጫ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው የደም ሥሩን ግድግዳ አስቆጥቶ የሚያጣብቅ መድኃኒት በመርፌ መስጠት ነው። ለትልልቆቹ መድኃኒቱ ከአየር ጋር ተደባልቆ አረፋ ይሆናል፤ ለቀጫጭኖቹ በፈሳሽነቱ በጣም በቀጭን መርፌ ይሰጣል። ርካሽና ፈጣን ነው። ትልቁን ደም ሥር በመዝጋት ግን ከሙቀቱ ያነሰ ጽናት አለው፤ ብዙ ጊዜ መደገም ይፈልጋል። ቀጫጭኖቹንም በአንድ ቀጠሮ የሚያጠፋ ሕክምና የለም፤ ሳምንታት እየተቆጠሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ይደገማል፣ መጥፋታቸውም ቀስ በቀስ ነው።

ለጥቁር ቆዳ የተለየ ጥንቃቄ አለ?

አለ፤ ማስታወቂያዎቹም አይናገሩትም። መርፌው በተሰጠበት መስመር ቡናማ ጥቁረት ሊቀር ይችላል፤ በአብዛኛው ሰው በወራት ይደበዝዛል፣ በአንዳንዱ ግን ከዓመት በላይ ይቆያል። ከቆዳ በላይ የሚተኮስ ሌዘር ደግሞ ከደም ሥሩ ይልቅ የቆዳውን ቀለም ሊመታ ይችላልና በእኛ ቆዳ ላይ የማጥቆር ወይም ነጭ ምልክት የመተው ዕድሉ ከፍ ይላል። ለውበት ብሎ የሄደ ሰው ከቀድሞው የባሰ ጠባሳ ይዞ እንዳይመለስ፣ ባለሙያው በጥቁር ቆዳ ላይ የመሥራት ልምድ እንዳለው መጠየቅ አለበት።

ያማል? አደጋስ አለው?

የማደንዘዣው መርፌዎች ይወጋሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ለብዙዎች በተራ ማስታገሻ የሚያልፍ ነው። ከሙቀት ሕክምና በኋላ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ሳምንት በጭን ውስጥ ገመድ የሚጎተት ያህል መወጠር ይሰማል፤ ደም ሥሩ ሲደርቅ ነው። አንዳንድ ሰው ደም ሥሩን ተጠግቶ የሚሄድ ነርቭ ተነክቶ ባቱ ወይም ቁርጭምጭሚቱ ላይ መደንዘዝ ይሰማዋል፤ አብዛኛው ይመለሳል። በጥልቅ ደም ሥር ውስጥ ደም መርጋት ጥቂት ሰዎችን ብቻ የሚያጋጥም ቢሆንም ከባዱ አደጋ እርሱ ነው። ለዚህ ነው ከአልጋ ተነሥታችሁ ተራመዱ የሚባለው። «ታክሟል፣ ይተኛ» የሚል ዘመድ በደግነት የሚሠራው ስሕተት ነው። ከታከመ በኋላ መራመድ እንጂ መተኛት አይረዳም።

በዚሁ ምክንያት አዲስ አበባ ታክሞ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚመለስ ሰው ከሐኪሙ ጋር ስለ ጉዞው መነጋገር አለበት። መንገዱ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የዓባይን በረሃ መውረድና መውጣትም አለ። መሄድ ግድ ከሆነ ጎሃ ጽዮንና ደጀን ላይ ወርዶ መራመድ፣ ተቀምጦም የእግር ጣቶችን ወደ ራስና ወደ ታች ማንቀሳቀስ፣ ውኃ መጠጣት ይገባል።

ተመልሶ ይመጣል?

የተዘጋው ደም ሥር አብዛኛውን ጊዜ ተዘግቶ ይቀራል። ዝንባሌው ግን በሰውዬው ዘንድ ስለሆነ ከዓመታት በኋላ ሌሎች ደም ሥሮች ሊላሉ ይችላሉ፤ ጥቂት የማይባሉ ሰዎችም ሁለተኛ ይታከማሉ። ለዘላለም ይጠፋል ብሎ የሚምል ባለሙያ እውነቱን አልተናገረም።

የሚያጠብቀው ካልሲ ይበቃል?

ካልሲው የሚያፈስሰውን ቫልቭ አይጠግንም፤ በለበሱበት ሰዓት ግን ደሙ እንዳይጠራቀም ይረዳል፣ ክብደቱንና እብጠቱን ይቀንሳል። ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ፣ እግሩ ሳያብጥ ይለበሳል፤ ሲተኙ ይወልቃል። ቁርጭምጭሚት ላይ ጠበቅ፣ ወደ ላይ ላላ የሚል መሆን አለበት። ጉልበት ሥር እንደ ቀለበት የሚያንቅ ተራ ካልሲ ወይም ጥብቅ አድርጎ የታሰረ ጨርቅ ግን ይጎዳል። የስኳር ሕመም ያለበት፣ ብዙ ያጨሰ፣ ሲሄድ ባቱን ይዞት የሚያቆመው ሰው ካልሲውን ከመግዛቱ በፊት የእግሩ የደም ቅዳ ትርታ በሐኪም ይታይለት፤ ደም ቅዳው የጠበበ እግር ሲጨመቅ ሊሞት ይችላል።

ነፍሰ ጡር ነኝ፤ አሁን ልታከም?

ጠብቂ። በእርግዝና ጊዜ የደሙ መጠን ይጨምራል፣ ሆርሞኑ የደም ሥሮችን ግድግዳ ያላላል፣ ማሕፀኑም ይጫናል። ከወሊድ በኋላ ባሉት ሦስት ወራት ውስጥ ብዙው ይቀንሳል። እስከዚያው ካልሲው፣ መራመዱና በግራ ጎን መተኛቱ ይረዳል። ድንገተኛ የአንድ እግር እብጠት ግን በእርግዝና ጊዜ ከሌላው ጊዜ ይበልጥ ያሰጋልና አይጠበቅም።

ዋግምት፣ ብጥና አልቅትስ?

እባካችሁ ይህንን አታድርጉት። ጎልቶ የወጣ ደም መልስ ግፊት ያለበት ነው፤ በምላጭ ሲነካ ደሙ በቀላሉ አይቆምም፣ የጠቆረው ቆዳም አንዴ ከተበጣ የማይድን ቁስል ይሆናል። ምላጩ የሚያስተላልፈው በሽታ ሌላ ነው። «መጥፎ ደም» የሚባለው ነገር እዚያ የለም፤ ያው የሰውነታችን ደም ነው፣ መንገዱን ስቶ የቆመ።

ደም ሥሩ ፈንድቶ ቢደማስ?

በመታጠቢያ ጊዜ ወይም በእከክ ምክንያት ሊፈነዳ ይችላል፤ ሰውን ያስደነግጣል። ሰውዬው ወዲያው ይጋደም፤ እግሩ ከልቡ ከፍ ይበል። በንጹሕ ጨርቅ ቦታው ላይ በጣት ጠበቅ አድርጎ ለ10 ደቂቃ ያህል ሳይገልጡ መጫን ነው። ቁጭ ብሎ ወይም ቆሞ የሚደማ ሰው ብዙ ደም ያጣል፤ ከላይ በገመድ ማሰርም መድማቱን ያባብሰዋል። ደሙ ከቆመ በኋላ ፋሻ አስሮ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል፣ ድጋሚ መድማቱ የተለመደ ነውና።

ከየት ልጀምር?

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ሰው ከጤና ጣቢያው ይጀምርና ሪፈር ይዞ ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ሪፈር ሳይዙ በቀጥታ መሄድ መድኑን ሊያሳጣ ይችላል። ለውበት የሚደረግ ሕክምናን መድኑ አይሸፍንም፤ ሕመሙን፣ እብጠቱንና የቆዳውን ለውጥ ለሐኪሙ በዝርዝር መንገር የሚያስፈልገውም በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ደብረ ማርቆስም ባሕር ዳርም ትልልቅ ሆስፒታሎች አሉ። ከቤት ከመነሣት በፊት በስልክ ሁለት ነገር መጠየቅ ትራንስፖርትና አልጋ ያድናል፤ የእግር ዶፕለር የሚያነብ ባለሙያ በየትኛው ቀን አለ? ቀዶ ሐኪሙስ ይህንን ይሠራል?

ሐኪሙ ፊት ሲቀርቡ ደግሞ ምርመራውን ያሳዩዋችሁ ዘንድ ጠይቁ። የሚያፈስሰው የትኛው ደም ሥር ነው? ጥልቁ ክፍት ነው? የምታክሙኝ ትልቁን ነው ወይስ የሚታየውን ብቻ? ባልታከምስ? ዋጋው ለአንድ እግር ነው ወይስ ለሁለቱ፣ የክትትሉን አልትራሳውንድስ ይጨምራል? የዶፕለሩን ውጤት ወረቀት ተቀብላችሁ አስቀምጡ፤ ሌላ ሐኪም ዘንድ ብትሄዱ ምርመራውን እንደገና ላትከፍሉበት ትችላላችሁ።